ራሱ ከእግሩ የቀደመ ተራራ

ጡረታዬ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ቢሮ ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጥ ወጣት ባለሙያ ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዞረችልኝ። ሁለት የሳተላይት ምስሎች ተደራርበው፣ መሀላቸው ላይ አንድ ቦታ ቀይ ሆኖ ይታያል።

"እትዬ ጽጌ፣ ይሄ ተዳፋት ተንቀሳቅሷል" አለችኝ።

"ሁለቱ ምስሎች ከየት ሆነው ነው የተነሱት?"

"እሱን ፕሮግራሙ ራሱ ያስተካክለዋል።"

እውነቷን ነው፤ ያስተካክለዋል። እኔ ግን እንደዚያ ያለ ፕሮግራም እጃችን ላይ ባልነበረበት ዘመን ያንን ጥያቄ ሳንጠይቅ ቀርተን የደረሰብንን አጫወትኳት። ሥራዋን ትታ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና "ለምን አይጽፉትም?" አለችኝ። አሁን ጊዜ አለኝ፤ ለቡ መብራት ኃይል ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩት።

የተቀጠርኩት የመሬት ጥናት በሚያካሂድ አንድ መሥሪያ ቤት፣ በፎቶ አንባቢነት ነው። ፎቶ አንባቢ ማለት ከአውሮፕላን የተነሳ የመሬት ፎቶ እያየ፣ ይሄ ዐለት ነው፣ ይሄ ደለል ነው፣ እዚህ ጋ መሬቱ ተሰንጥቋል እያለ ካርታ ላይ የሚያሰፍር ሰው ነው። ክፍላችን ከዋናው ቢሮ ተነጥሎ ከብስራተ ገብርኤል ጀርባ በኪራይ ቪላ ውስጥ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ጠረጴዛዎቻችን ተደርድረዋል፤ ወጥ ቤቱ ፎቶ ማጠቢያ ሆኗል። ደመወዙ ያው የመንግሥት ደመወዝ ነው፤ ስለሱ ብዙ አላወራም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ደበላ ናቸው። የፉሪ ገበሬ ልጅ ናቸው፤ ፉሪ ያኔ ከአዲስ አበባ ዳር ያለ እርሻ ነው። ጠዋት ማሳቸውን ዞር ዞር ብለው አይተው፣ ከጫማቸው ላይ ጭቃውን በር ላይ በእንጨት ፍቀው ይገባሉ። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው እስኪደርቅ ይጠብቃሉ። ፎቶ የሚይዙት በጠርዙ ብቻ ነው። ሁለት ፎቶዎችን ጎን ለጎን አድርገው በስቴሬዮስኮፑ፣ መሬቱን ከነጉብታው ከነጉድጓዱ በሚያሳየው ባለሁለት መነጽር መሣሪያ፣ ከማየታቸው በፊት ሦስት ነገር ያጣራሉ፦ አውሮፕላኑ ወዴት ይበር ነበር? ሰዓቱ ስንት ነበር? ፀሐይ በየት በኩል ነበረች? ያንን ሳያውቁ ዓይናቸውን መነጽሩ ላይ አያደርጉም።

"ከየት ሆነሽ ነው ያየሽው?" ይሉኛል፣ አንድ ነገር አገኘሁ ባልኩ ቁጥር። ይሄ ጥያቄ ልማድ ሆኖባቸው ከሥራ ውጪም አይለቃቸውም። አንድ ቀን የቢሮው ሾፌር እገሌ ሰክሮ ሲንገዳገድ አየሁት ብሎ ሐሜት ሲጀምር "ከየት ሆነህ ነው ያየኸው?" ብለው አፉን አስያዙት።

በጀመርኩ ሰሞን ጉድጓድ ነው ብዬ ያሰፈርኩትን ነገር ፎቶውን ላዩን ወደ ታች አዙረው መልሰው ሰጡኝ። ጉድጓዱ ኮረብታ ሆነ። ደነገጥኩ።

"ዓይን ብርሃን ሁልጊዜ ከላይ ይመጣል ብሎ ያምናል" አሉኝ። "ዓይን አማኝ ነው። አንቺ ግን መርማሪ መሆን አለብሽ። ሱታ፣ ሱታ።" ሱታ በእሳቸው ቋንቋ ቀስ በይ ማለት ነው። በቀን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጥረውም።

በሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ መንግሥት ከተቀየረ በኋላ፣ ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ዶክተር ሰናይት የሚባሉ ሴት ክፍሉን እንዲመሩ ተመደቡ። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ቁጭ ብለው መነጋገር የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። በመጡ በሳምንታቸው ሁላችንንም ሰብስበው እንዲህ አሉን፦

"በደጋው አገር መሬት የሚናደው በክረምት ነው። በክረምት ደግሞ ሰማዩ በደመና ይሸፈናል። ስለዚህ ማየት በሚያስፈልገን ሰዓት ነው የማናየው። ራዳር ደመናን አልፎ ያያል። ራዳር ማንበብ መማር አለብን።"

የአገራችንን የራዳር ምስል መግዛት ግን በእኛ በጀት የሚታሰብ አልነበረም። ዶክተር ሰናይት ወር ያህል ጠፍተው ጠፍተው፣ አንድ ቀን ጠዋት አብሯቸው ከተማረ ወዳጃቸው የተላኩ ሲዲዎች በካርቶን ይዘው መጡ። ጋሽ ደበላ የመጀመሪያውን ምስል በኮምፒውተሩ ላይ ቆመው ሲያዩ ቆዩ። ስንጥቅ ሸለቆ አለ፤ ገደል አለ፤ እንደ ቅርንጫፍ የተዘረጋ የላቫ ፍሰት አለ።

"አፋር ይመስላል፤ ግን አይደለም። የት አገር ነው?" አሉ።

"አጥቢያ ኮከብ ናት። ቬነስ።"

ጋሽ ደበላ መነጽራቸውን አወለቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአጥቢያ ኮከብ ላይ ደመና ለአንድ ቀን እንኳ አይገለጥም። በዙሪያዋ የምትዞር መንኮራኩር ከላይ ሆና ምድሯን በራዳር አነሳችው፤ ምስሉም ለሚፈልግ ሁሉ በነፃ ይሰጥ ነበር። ደመና ያለበትን መሬት ማንበብ ለሚማር ሰው ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አይገኝም። ከዚያ በላይ ግን አንድ ትልቅ ጥያቄ አለ። ያ ሁሉ ላቫና ያ ሁሉ ናዳ ድሮ ሆኖ ያበቃ ነው? ወይስ አሁንም ይፈሳል፣ አሁንም ይናዳል? መንኮራኩሯ ወራት ቆይታ በዚያው ቦታ ላይ ደግማ አልፋለች። ስለዚህ የፊተኛውንና የኋለኛውን ምስል አስተያይቶ ለውጥ ያገኘ ሰው፣ ያቺ ዓለም ከውስጧ ሕያው መሆኗን አገኘ ማለት ነው።

የመምሪያ ኃላፊያችን ይህን ሲሰሙ "የአገራችን ገደል አልበቃ ብሏችሁ ነው?" አሉ። ሆኖም ወጪ ስለሌለው ፈቀዱ።

ራዳር ማንበብ ፊደል እንደገና እንደመቁጠር ነበር። ፀሐይ የለበትም። መንኮራኩሯ ራሷ የራዲዮ ሞገድ ወደ ጎን አዘንብላ ወደ ታች ትልካለች፤ መሬት ነክቶ ሲመለስ ትቀበላለች። ቀድሞ የተመለሰው በምስሉ ላይ ቀድሞ ይሰፍራል። ነጭ ማለት ብርሃን ማለት አይደለም፤ ሻካራ ማለት ነው። ጥቁር ማለት ለስላሳ ነው፤ ሞገዱን እንደ መስታወት አንሸራቶ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሰደዋል። ይህ ለጋሽ ደበላ ከእኔ ቀድሞ ገባቸው። ለሥራ አፋር ወርደው የላቫ ሜዳ ላይ ሲሄዱ የጫማቸው ሶል ተበልቶ ያለቀ ሰው ናቸውና፣ ነጩን ሁሉ እያዩ "ይሄ ጫማ የሚበላው ነው" ይላሉ።

መብራት ሲኖር ሁለቱን ምስሎች በኮምፒውተሩ ላይ እያፈራረቅን እናያለን፤ የተለወጠ ነገር ካለ ዘለል ይላል። መብራት ሲጠፋ የታተመውን ወረቀት ይዘን መስኮት ሥር እንቀመጣለን። ወራት አለፉ። ምንም አልዘለለም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ዘለለ።

አንድ ጥልቅ ሸለቆ ግድግዳ ላይ ነው። በፊተኛው ምስል ከገደሉ አፍ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ መስመር አለ። በኋለኛው ምስል ያ ክር የለም፤ በምትኩ ከላይ እስከ ሸለቆው ወለል የተዘረጋ ሰፊ ነጭ ነገር አለ፤ ልክ ተራራ ተደርምሶ ፍርስራሹ የፈሰሰ ይመስላል። እያፈራረቅኩ አየሁት።

"ጋሽ ደበላ! ይምጡ!"

መጥተው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በዝግታ "ወርዷል" አሉ። ዶክተር ሰናይት ከክፍላቸው ሮጠው መጡ፤ አይተው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ወዲያው ተነሡ። "ሕያው ናት" አሉ። "ሕያው ናት እኮ!" በዚያ ሰዓት ማንም አንድ ነገር አልጠየቀም። ሾፌሩን ልከን ቦምቦሊኖ አስመጣንና በሻይ በላን። ከዚያ በፊትም በኋላም እንደዚያ ቀን ቪላው ውስጥ የተሳቀበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ብዙም ሳይቆይ የሙያው ሰዎች የሚሰበሰቡበት ጉባኤ ነበር። ዶክተር ሰናይት ምስሎቹን አቀረቡ። አዳራሹ አጨበጨበ። የመምሪያ ኃላፊያችን ፊት ለፊት ተቀምጠው ለጎረቤታቸው "የእኛ ልጆች ናቸው" ሲሉ ሰማሁ። ከኋላ ወንበር አንድ መምህር እጁን አወጣ።

"ይቅርታ፣ አንድ ትንሽ ነገር ነው። ሁለቱ ምስሎች በአንድ ዓይነት ማዕዘን ነው የተነሱት?"

ዶክተር ሰናይት እኔን አዩኝ። እኔ ጋሽ ደበላን አየሁ። ጋሽ ደበላ ወለሉን ያያሉ።

"አይደለም" አሉ ዶክተር ሰናይት።

"እንግዲያስ" አለ መምህሩ፣ ለማሾፍ ሳይሆን እያሰበ፣ "የተንቀሳቀሰው ተራራው ሳይሆን መንኮራኩሯ ልትሆን ትችላለች።"

አዳራሹ ሳቀ። የመምሪያ ኃላፊያችን አልሳቁም።

በታክሲ ወደ ብስራተ ገብርኤል ተመለስን። ልንወርድ ስንል ጋሽ ደበላ "ያን ሁሉ ዘመን ሰውን ከየት ሆነህ አየህ ስል ኖርኩ። ፀሐይ የለችበትም ብዬ ጥያቄውን ረሳሁት" አሉኝ። ያገኘሁት እኔ፣ ያረጋገጡት እሳቸው፣ ያቀረቡት ዶክተሯ። ማናችንም በሌላው ልናላክክ አንችልም።

በማግስቱ የመምሪያ ኃላፊው ስልክ ደወሉ። ሲዲዎቹ ይመለሱ፤ ክፍሉም በጀት ዓመቱ ሲዘጋ ይፈርሳል፤ እኛም በየቦታው እንመደባለን። ዶክተር ሰናይት ሰምተው "እሺ" አሉ። ስልኩን ዘግተው ግን ወደ እኛ ዞሩ።

"እስከዚያ ድረስ ግን ጊዜ አለን። እንዴት እንደተሳሳትን ሳላውቅ ከዚህ ቤት አልወጣም።"

ጎረቤታችን ቤት እየሠራ ነበር፤ የግንባታ አሸዋ አጥራችን ሥር፣ ከውኃ ታንከራችን ማማ ግርጌ ቆልሏል። ዶክተር ሰናይት በመስኮት ሲያዩት ቆይተው ድንገት "ሲባጎ!" አሉ። "ራዳር ርቀት ብቻ ነው የሚያውቀው። እኛም በርቀት እንየው።"

እኔ በመሰላል ማማው ላይ ወጣሁ፤ መንኮራኩሯ እኔ ነኝ። ጋሽ ደበላ የሲባጎውን ጫፍ ይዘው ወደ አሸዋው ገቡ፤ ጫማቸው በአሸዋ ተሞላ። መጀመሪያ የክምሩ እግር ሥር ቆሙ፤ ሲባጎውን ወጥሬ እጄ የያዘው ቦታ ላይ ቋጠሮ አደረግኩበት። ከዚያ ወገቡ ላይ፤ ቋጠሮ። ከዚያ አናቱ ላይ። ከክምሩ በላይ ቀጥ ብዬ ስለነበርኩ ለእኔ የሚቀርበው አናቱ ነው። ቋጠሮዎቹን ዘርግተን ስናይ ራሱ ከእግሩ ቀድሟል። ሦስቱም ቋጠሮዎች ተጠጋግተው አንድ ላይ ታጭቀዋል።

"ያ ነው ክሩ!" አሉ ዶክተር ሰናይት ከታች። "አሁን ውረጂና ከበሩ ጋ ለኪ!"

ከበሩ፣ ራቅ ብዬ ዝቅ ካለ ቦታ ስለካ፣ እግሩ ቀድሞ ወገቡ ተከትሎ አናቱ መጨረሻ መጣ፤ ቋጠሮዎቹ ተራርቀው ሰፊ ቦታ ያዙ። አንድ ክምር፣ አንዲት ቅንጣት አሸዋ ሳትወርድበት፣ ከአንዱ ቦታ ክር ከሌላው ቦታ ናዳ ሆነ። የጎረቤታችን ግንበኞች ሥራቸውን አቁመው ያዩናል። አንዱ "አሸዋውን ነው የምትገዙት?" ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ደበላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጉባኤው ወዲህ ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ሥራችን ሌላ ሆነ። ሁለት ምስል ከማስተያየታችን በፊት የፊተኛው ከኋለኛው ቦታ ቢታይ ምን ሊመስል እንደሚችል በእርሳስና በሒሳብ ማሽን እናሰላለን። የተረፈ ልዩነት ካለ ያኔ ብቻ እናወራለን። ይዘናቸው የነበሩትን የምስል ጥንዶች ሁሉ እንደገና አየን። ለውጥ ይመስል የነበረው ሁሉ አንድ በአንድ ጠፋ። ይህ ማለት አጥቢያ ኮከብ ሞታለች ማለት አይደለም፤ በእኛ ምስሎች ውስጥ ሕይወቷን አላገኘንም ማለት ነው። ዶክተር ሰናይት ይህንኑ ጽፈው፣ ከአሸዋው ሥዕል ጋር፣ ጉባኤው ላይ ለነበሩት ሰዎች ሁሉ ላኩ። የጠየቀው መምህር ቪላው ድረስ መጥቶ እጃቸውን ጨበጠ። የመምሪያ ኃላፊውም ማፍረሱን ሳይሰርዙም ሳይገፉበትም ተዉት።

በዚህ መሀል ነው ከሰሜን፣ ከአንድ የወሎ ደጋ ወረዳ፣ መሬታችን ይሰነጠቃል የሚል አቤቱታ የመጣው። ሰዎቹ ዛሬም እዚያው አካባቢ ስለሚኖሩ የቦታውን ስም አልጠራም። በመዝገብ ቤታችን የዚያ አካባቢ ሁለት ዙር የአየር ፎቶ ነበር፤ አንዱ የቆየ፣ አንዱ የቅርብ። አውሮፕላኖቹ የበረሩበት አቅጣጫ የተለያየ ነው፤ ሰዓቱም የተለያየ ነው። ልክ እንደ አጥቢያ ኮከቧ ምስሎች።

ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው። በአዲሱ ፎቶ ከመንደሩ በላይ ማጭድ የመሰለ ጥቁር መስመር አየሁ። አላመንኩትም። የማይንቀሳቀሱ ነገሮችን መረጥኩ፤ የዐለት ጉብታ፣ መስጊዱ፣ ማዶ ያለ ድልድይ። በእነሱ ልክ አንዱን ፎቶ ወደ ሌላው አመጣሁት። የማዕዘኑን ስህተት አወጣሁ። መንደሩን አቋርጦ የሚያልፈው የእግር መንገድ ግን በአሮጌው ፎቶ ቀጥ ያለ ሲሆን በአዲሱ ወደ ታች ጎብጧል። ልዩነቱ አልጠፋም።

"ጥቁሩ መስመር ጥላ ቢሆንስ?" አልኳቸው ጋሽ ደበላን።

"ፀሐይ በየት ነበረች?"

"በምሥራቅ። መስመሩ ያለው ደግሞ ምሥራቅ የሚያይ ፊት ላይ ነው።"

"ፀሐይ በሚመታው ፊት ላይ ጥላ ምን ይሠራል?" አሉና ቀና አሉ። "ስንጥቅ ነው፣ ጽጌ።"

የመምሪያ ኃላፊው ሪፖርቱን አንብበው ዶክተር ሰናይትን "አምና አጥቢያ ኮከብ ተናደች አላችሁኝ፤ ዘንድሮ ደግሞ ወሎ?" አሏቸው። ዶክተር ሰናይት አልተቆጡም። "አምና ማዕዘኑን አልለካንም ነበር፤ ዘንድሮ ለክተናል። እፈርምበታለሁ። ቦታው ድረስ እንሂድና ካልሆነ ክፍሉን በዚያው ይዝጉት" አሉ። መኪና ሰጡን።

በመንደሩ የተቀበሉን አባባ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ስንጥቁን አሳዩን። ጥጃ እንዳይገባበት እሾህ ከምረውበታል። መንደሩ ወደ ላይ፣ ከስንጥቁ ባሻገር ወዳለው ሸንተረር፣ መውጣት አለበት ስንላቸው ፊታቸው ጠቆረ።

"እህሉ ማሳ ላይ ነው። ቤት እንዲህ በቃል ይነሳል? ዘንድሮ ይናዳል ነው የምትይኝ?"

"ዘንድሮ ይሁን ከርሞ አላውቅም አባባ። እንደሚንቀሳቀስ ግን አውቃለሁ።"

"በምን አምንሻለሁ?"

"እኔን አይመኑኝ" አልኩ። ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ሁለት ችካል አስመታሁ፤ በመሀላቸው ሲባጎ ላላ አድርጌ አሰርኩ። "ይሄን በየጊዜው ይዩት። እየተወጠረ ከሄደ መሬቱ ራሱ እየነገርዎት ነው።"

ሲባጎው ተወጠረ። ዝናብ ሲጀምር ተበጠሰ። አባባ ይመር ሌላ አሰሩ፤ እሱም ተበጠሰ። በሦስተኛው መንደሩን ሰበሰቡ። ቆርቆሮውን ነቅለው፣ በሩን ነቅለው፣ ከብቱን ነድተው ሸንተረሩ ላይ ጎጆ ቀለሱ። ያጉረመረመ ብዙ ነበር፤ የቀረ ግን አልነበረም። ሐምሌ ውስጥ፣ ጠራራ ቀን ዝናቡ ባባራበት ሰዓት፣ ተዳፋቱ ሙሉ ለሙሉ ወረደ። ወረዳው ደውሎ ሲነግረን ዶክተር ሰናይት ስልኩን እንደያዙ "ሰውስ? ሰውስ?" ይላሉ ደጋግመው። ሰው አልሞተም። ማሳው ግን ሄደ፤ እህሉም ሄደ፤ ያን ዓመት በእርዳታ ስንዴ ነው የኖሩት።

መስከረም ላይ ልንለካው ስንሄድ አባባ ይመር ሸንተረሩ ላይ ይዘውን ወጡ። ከእግራችን ሥር ቀይ አፈር ብቻ ነው የሚታየው። ጋሽ ደበላ ከእሳቸው ጋር በመንገዳችን ብዙ ሲጫወቱ ነበርና ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

"ይሄ ሰውዬ የሚለኝ እውነት ነው? አጥቢያ ኮከብ ላይ መሬት ሲናድ ታዪ ነበር አሉ።"

"አየሁ ብዬ ነበር እንጂ አልተናደም አባባ።"

"ሰው ይኖርበታል እንዴ?"

"ማንም አይኖርበትም።"

"ታዲያ ያን ያህል ጊዜ እዚያ ምን ትሠሩ ነበር?"

ጋሽ ደበላ ቀደሙኝ። "ስንሳሳት ነበር" አሏቸው።

አባባ ይመር ማሳቸው የነበረበትን ቀይ አፈር ትንሽ ተመለከቱ።

"ደግ ቦታ መርጣችኋል" አሉ።